ቱቦው ደህና ከሆነ ሌላው መላ አለው፦ ያገለገለ ኦሲሎስኮፕ ገዝቶ ለመጠገን

ጎንደር ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚነካካ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በቴስተር ብቻ ነው። ቴስተር ጥሩ ዕቃ ነው። ቮልቴጅ መኖሩን ይነግራል፤ ፊውዝ መበጠሱን ይነግራል። ቮልቴጁ በዚያች ቅጽበት ምን እየሆነ እንዳለ ግን አያሳይም። አንድ ፓወር ሰፕላይ ቴስተሩ ላይ 12 ቮልት እያሳየ፣ በላዩ ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። አምፕሊፋየሩ እምምም እያለ የሚያጉረመርመው በዚያ ነው። ይህን ሞገድ በዓይን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ነው። አንዴ ያየ ሰው ያለ እሱ መሥራት ይከብደዋል።

አዲሱ ዋጋው አይቀመስም። ያገለገለው ግን ፈልጎ ለሚያገኘው አለ። ችግሩ ያገለገለውን አይቶ የመግዛት ነገር ነው።

የመጀመሪያዬን የገዛሁት በስልክ ነው። ሻጩ አዲስ አበባ ነበር። «ይሠራል» አለኝ፤ ገንዘቡን ላክሁ። ዕቃው በአውቶብስ ፖርቶመጋላ ላይ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ደረሰ። ስከፍተው የስክሪኑ የብርጭቆ ቱቦ አንገቱ ላይ ተሰብሯል። እዚሁ ጎንደር አራዳ አካባቢ ቲቪ ሲጠግኑ ያረጁ አንድ ጋሼ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ዞር ዞር አድርገው አዩትና «ወንድምዓለም፣ ሌላው ሁሉ እኔ ጋ አለ። ይኼ ግን የለም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ያገለገለ ኦሲሎስኮፕ የማየው በዚህ ዓይን ነው። ካፓሲተር፣ ፊውዝ፣ ዳዮድ፣ ማዞሪያ፣ ገመድ፣ የዛገ ስዊች፣ ሁሉም መላ አላቸው። ቱቦውና ፋብሪካው ለራሱ ብቻ ያሠራቸው አይሲዎች (ቺፖች) ግን ሲጠፉ መተኪያቸው ሌላ ተመሳሳይ ማሽን ነው። በአንዳንዶቹ ሜሞሪ ውስጥ የተቀመጠው የካሊብሬሽን (ልኬቱን የሚያስተካክለው) ቁጥር ደግሞ የየማሽኑ የራሱ ስለሆነ ከሌላ ማሽን እንኳ አይወሰድም። ስለዚህ ስትገዙ የማይገኘውን አጥብቃችሁ ፈትሹ። የሚገኘው ቢበላሽ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ለዩ

ኦሲሎስኮፕ ሁለት ዓይነት ነው። አናሎጉ የኤሌክትሮን ጨረር በብርጭቆ ቱቦ ፊት ላይ እየሮጠ የሚጽፍበት፣ ከባድና ረጅም ዕቃ ነው። ዲጂታሉ ሲግናሉን (የሚለካውን ተለዋዋጭ ቮልቴጅ) ወደ ቁጥር ቀይሮ በኤልሲዲ ያሳያል፤ ቀላል ነው፣ አንዴ ብልጭ ብሎ የሚያልፍን ነገርም ይዞ ያስቀራል። ተራው አናሎግ ይህን አይችልም። ተደጋጋሚ ያልሆነ ነገር ዓይናችሁ ፊት አልፎ ይሄዳል።

እንደዚያም ሆኖ ቲቪ፣ አምፕሊፋየር፣ ቻርጀር፣ ኢንቨርተር ለሚጠግን ጀማሪ ባለሁለት ቻናል (ሁለት ሲግናል አንድ ላይ የሚያሳይ)፣ 20 ሜጋኸርዝ (በሰከንድ እስከ 20 ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ ሲግናል የሚከተል) አናሎግ እመክራለሁ። ሰው የሚሰማው ድምፅ ከ20 ኪሎኸርዝ አያልፍም። የተለመዱት የቻርጀርና የቲቪ ፓወር ሰፕላዮች የሚቀያየሩት በአሥሮች ቢበዛ በመቶዎች ኪሎኸርዝ ነው። ይህ ሁሉ 20 ሜጋኸርዝ ውስጥ በሰፊው ይገባል።

ስለ ሜጋኸርዝ ቁጥሩ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። 20 ሜጋኸርዝ የተባለ ማሽን በ20 ሜጋኸርዝ ላይ ያለውን ሲግናል በትክክለኛ ቁመቱ አያሳይም፤ ወደ 70 በመቶ አውርዶ ነው የሚያሳየው። ባለአራት ማዕዘን ሞገድ ደግሞ በውስጡ ብዙ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎች አሉት። ቅርፁን በደህና ለማየት ማሽኑ ከሲግናሉ አምስት እጥፍ ቢፈጥን ጥሩ ነው። ስለዚህ የአርዱይኖን (ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ የመማሪያ ቦርድ) 16 ሜጋኸርዝ ክሎክ በ20 ሜጋኸርዝ ማሽን ብታዩ ማዕዘኑ ተልጎ ክብ ክብ ብሎ ይታያል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። 350ን በሜጋኸርዙ ስታካፍሉ ማሽኑ ሊያሳየው የሚችለውን ፈጣን አነሳስ በናኖሰከንድ ታገኛላችሁ፤ ለ20 ሜጋኸርዝ 17.5 ናኖሰከንድ ነው።

ከአናሎጎቹ የጀርመኑ ሃሜግ ኤችኤም203 ለጀማሪ ምቹ ነው፤ 20 ሜጋኸርዝ፣ ሁለት ቻናል። የኋለኞቹ ስሪቶች ከቦርድ ሳይነቀል ዳዮድና ካፓሲተር የሚፈትሽ መሰኪያ አላቸው። ቴክትሮኒክስ 465 እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ 100 ሜጋኸርዝ ነው፤ ዕድሜው ገፍቷል፣ አሠራሩ ግን ጠንካራ ነው። ከሶቪየት ዘመን የተረፈ ኤስ1-94 ካገኛችሁ 10 ሜጋኸርዝና አንድ ቻናል ብቻ መሆኑን እወቁ። ከዲጂታሎቹ ቴክትሮኒክስ ቲዲኤስ210 60 ሜጋኸርዝ፣ ሪጎል ዲኤስ1054ዜድ ደግሞ 50 ሜጋኸርዝና አራት ቻናል ነው። ተገጣጥማ የምትሠራው ትንሿ ዲኤስኦ138 200 ኪሎኸርዝ ላይ ታበቃለች። ለመማር ደስ ትላለች፤ ለጥገና ሥራ ግን ቶሎ ታንሳችኋለች።

የድሮዎቹን የምወድበት ሌላ ምክንያት አለ። የድሮ ቴክትሮኒክስና ሃሜግ የጥገና መጽሐፋቸው ውስጥ ሙሉ ሰርኪቱን፣ በየነጥቡ መገኘት ያለበትን ቮልቴጅ ሳይቀር ያትሙ ነበር። ያ መጽሐፍ በስልካችሁ ውስጥ ካለ ግማሽ ጠጋኝ ናችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን መጽሐፍ ፈልጋችሁ አውርዱ። ካልተገኘ ዋጋው ለዚያ መቀነስ አለበት።

የት ይገኛል ለሚለው፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ኮሌጆች ያገለገሉ ንብረቶችን በጨረታ ሲሸጡ የላብራቶሪ ዕቃ አንዳንዴ አብሮ ይወጣል። ሥራ ያቆሙ የቲቪና የሬዲዮ ጠጋኞች ቤት ተሸፍኖ የተቀመጠ አይጠፋም። ቴሌግራም ላይም ይለጠፋል። አዲስ አበባ ከወረዳችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራን ሳታዩ አትመለሱ። ከጨረታ የወጣ ዕቃ ከሆነ ደረሰኙን ጠይቁ፤ የተሰረቀ የትምህርት ቤት ዕቃ ገዝቶ መገኘት አያምርም።

ከመክፈላችሁ በፊት፦ የማይቀር ፍተሻ

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት። ገንዘባችሁ የሚተርፈው ወይም የሚባክነው እዚህ ነው።

ይዛችሁ ሂዱ፦ ቴስተር፣ የራሳችሁ ፕሮብ (የኦሲሎስኮፑ መለኪያ ገመድ) ካላችሁ እሱን፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ የእጅ ባትሪ፣ እና ስልካችሁን። ስልኩ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ አፕሊኬሽን ጫኑ። ከአሮጌ የጆሮ ማዳመጫ የተቆረጠ ገመድ ይዛችሁ ከሄዳችሁ የ1 ኪሎኸርዝ ሲግናል በኪሳችሁ አለ ማለት ነው።

ማሽኑ ሳይሰካ ጀምሩ። ከኋላ ያለውን የቮልቴጅ መምረጫ እዩ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ሊሆን ይችላል፤ እንዲሁ 220 ላይ ከተሰካ ፊውዙ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር ይሄዳል። ስፒናው ላይ የመሬት መስመሩ ተቆርጦ ከሆነ ልብ በሉ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ከስፒናው የመሬት ጫፍ እስከ ቢኤንሲው (ፕሮቡ የሚሰካበት ክብ መሰኪያ) የውጭ ብረት ለኩ፤ ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት። ማሽኑን ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ብሎን ነው ወይስ ብርጭቆ?

ቀጥሎ ሻጩ ብዙ ጊዜ የማያውቀውን ፍተሻ አድርጉ። የቻናሉን መምረጫ (ኤሲ፣ ዲሲ፣ ግራውንድ የሚለውን) ዲሲ ላይ አድርጋችሁ፣ በቢኤንሲው መሀል ጫፍና በውጩ ብረት መካከል ኦም ለኩ። 1 ሜጋ ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ሁለቱንም ቻናል፣ በየቮልት ደረጃው። አንዱ በጣም ካነሰ ወይም ቴስተሩ ጨርሶ ምንም ካላነበበ ሰው ከፍተኛ ቮልቴጅ አስገብቶበት መግቢያውን አቃጥሎታል ማለት ነው። ፕሮቡንም እዚያው ለኩት፦ በ10 እጥፍ (ሲግናሉን አሥር ጊዜ አሳንሶ በሚያስገባበት) ላይ ከጫፉ እስከ ቢኤንሲው መሀል 9 ሜጋ ኦም ገደማ ነው።

አሁን ሰኩት። ብርሃን መቆጣጠሪያውን ዝቅ፣ ሁለቱን የቦታ ማዞሪያዎች መሀል፣ ትሪገሩን (ሞገዱን በስክሪኑ ላይ አቁሞ የሚይዘውን) አውቶ ላይ፣ ኤክስ-ዋይ የሚለውን ቁልፍ አጥፉ፣ የቻናሉን መምረጫ ግራውንድ ላይ፣ ጊዜውን 1 ሚሊሰከንድ ላይ አድርጉ። አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ሰው «ሞቷል» ብሎ በርካሽ የሚሸጠው ማሽን ትሪገሩ ኖርማል ላይ ስለሆነ ብቻ መስመር የማያወጣ ሊሆን ይችላል። ብርሃኑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ቀጭን፣ አግድም መስመር መውጣት አለበት።

ቱቦውን የምትመዝኑት አሁን ነው። ደህና ቱቦ ብርሃን መቆጣጠሪያው ግማሽ ገደማ ላይ ሳለ ጥርት ያለ መስመር ይሰጣል። ያረጀ ቱቦ እስከ ጥግ አዙራችሁትም ደብዛዛ ነው፤ ሲጨመር ደግሞ መስመሩ ይወፍራል እንጂ አይደምቅም። ጊዜውን ወደ ፈጣኑ ጥግ አዙሩ፤ መስመሩ መደብዘዙ ያለ ነው፣ ጨርሶ ከጠፋ ግን ተጠንቀቁ። ከዚያ አጥፍታችሁ በእጅ ባትሪ የስክሪኑን ፊት በጎን እዩ። መሀል ላይ ቡናማ ነጥብ ወይም መስመር ካለ ያ ተቃጥሏል፤ አይመለስም። ቱቦው ደካማ ከሆነ ሌላው ምንም ያህል ቢያምር ለመለዋወጫ ብቻ ነው የሚገዛው።

ቱቦው ካለፈ የቻናሉን መምረጫ ወደ ዲሲ መልሳችሁ ፕሮቡን ከፊት ለፊት ባለችው ትንሽ የካሊብሬሽን ጫፍ ላይ ስቀሉት። ባለአራት ማዕዘን ሞገድ ትሰጣለች፤ በብዙ ማሽኖች 1 ኪሎኸርዝ ነው። እያንዳንዱን የቮልት ደረጃ አንድ በአንድ አዙሩ። ስታዞሩ መስመሩ ከዘለለ፣ በጣት ስትነኩት ከተመለሰ፣ ቆሻሻ ነው። ይጸዳል። ፊታችሁን ግን አታብሩ፤ ዋጋ ላይ ተነጋገሩበት። አንድ ደረጃ ጨርሶ ከሞተ ግን መከፋፈያው ውስጥ የተቃጠለ ነገር አለ።

የ9 ቮልት ባትሪውን በቴስተር ለኩ፣ ከዚያ መስመሩን ወደ ስክሪኑ ታች አውርዳችሁ በ1 እጥፍ ፕሮብ፣ ዲሲ ላይ፣ በካሬ (በስክሪኑ ላይ በተሰመረው አንድ ሳጥን) 2 ቮልት አድርጋችሁ አያይዙት። 9 ቮልት ከሆነ መስመሩ አራት ካሬ ተኩል መውጣት አለበት። በስልካችሁ 1 ኪሎኸርዝ ስጡት፤ ሞገዱ ትሪገር ይዞ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በካሬ 1 ሚሊሰከንድ ላይ በየካሬው አንድ ሞገድ ይታያል።

ለዲጂታሎቹ ሁሉንም ቁልፍና ማዞሪያ ተጫኑ፣ አዙሩ። ሲነሳ የስህተት መልእክት እንዳያልፋችሁ። በጥርት ኤልሲዲ አትታለሉ፤ መግቢያው የተቃጠለ ዲጂታልም ምናሌው አምሮ ይታያል። የ1990ዎቹ ትላልቅ ዲጂታሎችና እንደ ቴክትሮኒክስ 2465ቢ ያሉት የካሊብሬሽን ቁጥራቸውን በባትሪ በሚቆይ ሜሞሪ ይይዛሉ። ባትሪው ሞቶ ከሆነ ቁጥሩም ሄዷል።

በመጨረሻ ማሽኑን ሳታጠፉ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ተቀመጡ። ሻይ በሉ፣ ተጨዋወቱ። ሲሞቅ የሚበላሽ ማሽን የሚጋለጠው ያኔ ነው። ሻጩ «ቶሎ በል፣ ሌላ ገዢ አለ» ካለ ቀብድ አታስይዙ።

የመጓጓዣው ነገር አጭር ነው። ቱቦው ያለው ማሽን ፖርቶመጋላ ላይ አይጫንም። በወፍራም ስፖንጅ ከስድስቱም ጎን ጠቅልሉት፣ ካርቶን ውስጥ አስገቡት፣ እግራችሁ ሥር ወይም ጭናችሁ ላይ ይዛችሁት ኑ። የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ለብርጭቆ አይራራም።

ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት

እዚህ ላይ ቀጥተኛ ልሁን። ይህ ዕቃ ሰው ይገድላል። እንደ ኤችኤም203 ያለው ቱቦ ወደ 2,000 ቮልት ይሠራል፤ ፈጣኖቹ ከ10,000 ቮልት በላይ ይደርሳሉ። ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ካለው ዋናው ካፓሲተር ከ220 ቮልት ተስተካክሎ የወጣ 310 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ከተነቀለም በኋላ ይቆያል።

ብቻችሁን አትሥሩ። ቤት ውስጥ ስፒና መንቀል የሚያውቅ ሰው ይኑር። ሳይነቀል በምትለኩበት ጊዜ አንድ እጃችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ኮረንቲ ከእጅ ወደ እጅ በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። ከነቀላችሁ በኋላ ደቂቃዎች ጠብቁ፣ ዋናውን ካፓሲተር በ2.2 ኪሎ ኦም፣ ባለ 10 ዋት ሬዚስተር አራግፉት፣ ከዚያ በቴስተር አረጋግጡ። በካቻቪቴ አታሾርቱት። የቱቦውን ከፍተኛ ቮልቴጅ በተራ ቴስተር አትለኩ፤ አብዛኞቹ ቴስተሮች 600 ወይም 1,000 ቮልት ላይ ያበቃሉ፣ ከዚያ በላይ በእጃችሁ ውስጥ ነው የሚፈነዱት።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ከፍተኛ ቮልቴጅ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ እዚህ በቀላሉ ይዘላል። ለዓመታት የተጠራቀመ አቧራ ላይ የክረምት እርጥበት ሲጨመርበት፣ ማሽኑን ስታበሩት ትስስስ የሚል ድምፅ ብትሰሙ አይግረማችሁ። መጀመሪያ አቧራውን አስወግዱ።

የመሬት መስመር ነገርም አለ። የብዙ ቤቶቻችን ሶኬት ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ከኋላው የመሬት ሽቦ የለውም። ያኔ የማሽኑ ብረት በመግቢያው ላይ ባሉ ትንንሽ ካፓሲተሮች በኩል ግማሽ ያህል ቮልቴጅ ላይ ይንሳፈፋል፤ ስትነኩት ይነዝራል። ሶኬታችሁን አስፈትሹ፤ ከሌለ በባለሙያ የመሬት ሽቦ አስቀብሩ። «እንዳይነዝረኝ» ወይም «ፕሮቡ እንዳያሾርት» ብላችሁ የስፒናውን የመሬት ጫፍ በፍጹም አትቁረጡ።

የፕሮቡ ጥቁር ቆንጣጭ በቀጥታ ከመሬት ጋር የተገናኘ ነው። ቻርጀር ወይም ቲቪ ከፍታችሁ በ220 ቮልቱ ጎን ብትነክሱት ብልጭታ፣ የተቃጠለ ፕሮብ፣ ምናልባትም የተቃጠለ ማሽን ነው ትርፉ። በዚያ ጎን ለመለካት የሚጠገነው ዕቃ በአይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ዕቃውን ከመስመሩ ኮረንቲ ነጥሎ በሚያበራ ትራንስፎርመር) በኩል ይሰካል። የሚለየው የሚጠገነው ዕቃ እንጂ ኦሲሎስኮፑ አይደለም።

ጥገናው፦ ሁልጊዜ ከፓወር ሰፕላይ ጀምሩ

ከፍታችሁ መጀመሪያ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከላይ፣ ከታች፣ እያንዳንዱን ሶኬትና ገመድ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቱ ገመድ የት እንደነበር ጭንቅላታችሁ አያስታውስም። ከዚያ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን ጥረጉ። የቱቦውን አንገት አትጫኑት።

አሁን እዩ፣ አሽትቱ። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር፣ ሥሩ የረጠበ ቦርድ፣ የጠቆረ ሬዚስተር። በመግቢያው ላይ ሪፋ የሚል የተጻፈበት፣ ቢጫማ ግልጽ ሽፋን ያለው ካፓሲተር ካለና ሽፋኑ ከተሰነጣጠቀ ሳትሰኩት ቀይሩት። ሳይቃጠል የቆየው ስላልተሰካ ብቻ ነው፤ በ220 ቮልት ቤቱን በጭስ ይሞላል። ሲቀየር ለዚያው ቦታ የተሠራ፣ እንደ አሮጌው ኤክስ2 ወይም ዋይ2 የሚል ምልክት ያለበት ይሁን።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩት በቀጥታ ሶኬት ላይ አይደለም። ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነ የድሮ ባለክር አምፖል ከገመዱ ጋር በተከታታይ እሰሩ። ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ውስጡ ሾርት የለም። ደምቆ ከቀረ ሾርት አለ፤ ፊውዝ ሳታባክኑ አወቃችሁ ማለት ነው። ስዊቺንግ ያላቸው አንዳንዶቹ በአምፖል በኩል መነሳት አቅቷቸው ቲክ ቲክ ሊሉ ይችላሉ፤ ያ ብቻውን ብልሽት አይደለም።

ከዚያ ዲሲ ቮልቴጆቹን ለኩ። መጽሐፉ ላይ ነጥቦቹ አሉ፦ 5፣ 12፣ ሲቀነስ 12፣ ከዚያ ከፍ ያሉት። ስክሪኑ ያሳየው ምልክት ምንም ይሁን ምን ይህን ሳትጨርሱ ወደ ሌላ አትሂዱ። ብዙ ጊዜ ሁሉም ቮልቴጆች ልካቸውን የሚወስዱት ከአንዱ ዋና ቮልቴጅ ነው። እሱ ከተዛባ ሁሉም ይዛባሉ። መጽሐፉ የትኛው እንደሆነ ይነግራል፤ እሱን ቀድማችሁ አስተካክሉ።

አንዱ ቮልቴጅ ዜሮ ወይም በጣም ዝቅ ካለ ነቅላችሁ፣ አራግፋችሁ፣ ከመሬት ጋር ያለውን ኦም ለኩ። ጥቂት ኦም ካሳየ ሾርት ነው። በድሮ ማሽኖች ቀዳሚው ተጠርጣሪ የእንባ ጠብታ የምትመስለው የታንታለም ካፓሲተር ናት። ሲሞቱ ብዙ ጊዜ የሚያሾርቱት እነሱ ናቸው። በቦርዱ ላይ ካሉት አንድ በአንድ አንድ እግራቸውን እያነሳችሁ ለኩ።

ቮልቴጁ ልክ ሆኖ መስመሩ ግን የሚወዛወዝ ከሆነ ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጋችሁ ያንኑ ነጥብ ለኩ። በተከታታይ የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገቡ፤ አንዳንድ ርካሽ ቴስተሮች ዲሲውን ከኤሲው አይለዩም። መጽሐፉ ከፈቀደው በላይ ከሆነ የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ደርቀዋል። ሲቀየሩ ማይክሮፋራዱ ተመሳሳይ፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ ይሁን። አዎንታዊና አሉታዊ ጎኑን ሁለት ጊዜ እዩ። ከኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይና ከቲቪ ቦርድ የሚነቀሉት እዚሁ ከተማችን ጠጋኞች ዘንድ አሉ። እነሱም አርጅተው ሊሆን ስለሚችል ከመበየዳችሁ በፊት ውስጣዊ መቋቋማቸውን የሚለካ ትንሽ የኮምፖነንት መፈተሻ ላይ አድርጓቸው። ያቺ መሣሪያ ዋጋዋን ቶሎ ትመልሳለች።

ፓወር ሰፕላዩ ደህና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ስክሪኑ ራሱ ይመራችኋል።

ምንም መስመር ከሌለ ክፍሉን አጨልሙና የቱቦውን አንገት ከኋላ እዩ። ብርቱካናማ ፍም ካለ ማሞቂያው ይሠራል። የጨረር መፈለጊያ ቁልፍ ያለው ማሽን ከሆነ ተጫኑት፤ ብርሃን ወደ አንድ ጥግ ከታየ ጨረሩ አለ፣ ግን ከስክሪኑ ውጭ ተገፍቷል። ያኔ ጥንድ ሆነው ወደ ቱቦው የሚገቡትን የማጠፊያ ሳህኖች ሰርኪት ተከተሉ፤ ከጥንዶቹ አንዱ ከሌላው በጣም ርቆ ታገኙታላችሁ።

አንዲት ነጥብ ብቻ ካወጣ ብርሃኑን ወዲያው ቀንሱ። ቆማ የምትደምቅ ነጥብ ስክሪኑን ታቃጥላለች። ኤክስ-ዋይ ቁልፉ ተጭኖ እንዳይሆን እዩ፤ ካልሆነ የጊዜ ሰርኪቱ ቆሟል።

መስመሩ ጥርት አልል ካለና የትኩረት ማዞሪያው ጥግ ላይ እንኳ ካልረዳ፣ በትኩረት መስመሩ ላይ ያሉት ባለሜጋ ኦም ሬዚስተሮች ከዕድሜ ብዛት ዋጋቸው ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ነቅላችሁ፣ አራግፋችሁ ለኩ።

አንዱ ቻናል ሠርቶ ሌላው ከሞተ ዕድለኛ ናችሁ። ሁለቱ ቻናሎች መንታ ናቸው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሲግናል ስጡ፣ የደህናውን ቻናል ቮልቴጅ በወረቀት ላይ ጻፉ፣ በበሽተኛው ላይ ያንኑ ነጥብ ለኩ። የተለያዩበት የመጀመሪያው ቦታ ላይ ቁሙ። በዚህ መንገድ ሰርኪቱን በደንብ ሳያውቅ የጠገነ ሰው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሞተው መግቢያው ላይ ያለው ፌት ትራንዚስተር ነው፤ ሰው ያላሰበው ቮልቴጅ የገባበት።

ስዊቾችንና ማዞሪያዎችን የኤሌክትሮኒክስ ኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ወይም 99 በመቶ አልኮል ተጠቅማችሁ አጽዱ። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውሃ አለበት፤ አይሆንም። ቤንዚንና ላምባ ፕላስቲኩን ይበላሉ፣ ቅባት ይተዋሉ። ትንሽ ንፉ፣ ማዞሪያውን ሃያ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አዙሩ፣ በደንብ ይድረቅ። ከሚዘሉ ማሽኖች ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ይድናሉ።

ማስተካከያ

ቦርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ማስተካከያዎች አትንኩ። ቮልቴጆቹ ልክ ሳይሆኑ የዞረ ማስተካከያ አንዱን ችግር አሥር ያደርጋል። መንካት ካስፈለገ መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ መጽሐፉ ባለው ቅደም ተከተል ብቻ ሂዱ፤ ማሽኑ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ።

ለቁመቱ ባትሪና ቴስተር ይበቃሉ። ለጊዜው አርዱይኖ ላይ 1 ኪሎኸርዝ የሚያወጣ አጭር ፕሮግራም ጫኑ። የብዙ አናሎጎች ስህተት 3 በመቶ ገደማ የተፈቀደ ስለሆነ የአርዱይኖ ክሎክ ለዚህ በቂ ነው። ፕሮቡን ደግሞ በ10 እጥፍ በካሊብሬሽን ጫፏ ላይ አድርጋችሁ አንገቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አዙሩ። የሞገዱ ማዕዘን ሾልኮ ከወጣ በዝቷል፣ ከተላገ አንሷል፤ ቀጥ ሲል አቁሙ። ፕሮብ ወይም ቻናል በቀየራችሁ ቁጥር ይህን ድገሙ። ብረት ሳይሆን የፕላስቲክ ካቻቪቴ ተጠቀሙ።

መብራት ሲሄድ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉት። አደጋው ሲሄድ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው። ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ፣ ስታብላይዘር ካላችሁ በእሱ በኩል ሰኩት። ክረምት ከገባ በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት አብሩት፤ ሙቀቱ እርጥበቱን ያወጣዋል። ሲቀመጥ በጨርቅ ይሸፈን፣ ሲሠራ ግን መተንፈሻው ክፍት ይሁን።

ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት በትንሽ ወረቀት ላይ የቀየራችሁትን ዕቃ ሁሉ፣ የለካችኋቸውን ቮልቴጆችና ቀኑን ጻፉና ከክዳኑ ውስጠኛ ጎን፣ ከሚሞቅ ነገር ራቅ አድርጋችሁ ለጥፉት። በሚቀጥለው ጊዜ የሚከፍተው ሰው፣ እናንተም ሁኑ ሌላ፣ ከዚያ ይጀምራል።